ጊዜው ያለፈበት ሬዲዮግራም

አበዛሽ ባሏን ትወደዋለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ዓይኑን ማየት አስጠልቷት ነበር። በሌላው ቀን ገብረወልድ ከወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሰርቪስ እንደወረደ ቀጥ ብሎ ቤቱ ይገባል። ቅዳሜ ግን በገበያው ጥግ ወዳለው የኃይለጊዮርጊስ ሱቅ ይታጠፋል። ከዚያ ሱቅ ደግሞ ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በ1979 ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ሬዲዮግራም ነበር። አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ዕቃውን ሸጦ አገሩ ከገባ ግሪካዊ ነጋዴ ገብረወልድ የገዛው፣ እንደ ቡፌ የረዘመ፣ ቡናማ እንጨቱ ፊት የሚያሳይ የጀርመን ዕቃ። በላዩ ላይ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። አንድ የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ከዓመታት በፊት ከቴሌቪዥኑ ወደ ሬዲዮግራሙ ሽቦ ስቦላቸው ስለነበር፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ የሚወጣው በሬዲዮግራሙ ትልልቅ ስፒከሮች ነው። ዜና አንባቢው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሶፋው ላይ አብሯቸው የተቀመጠ ይመስላል። ጎረቤቱ ሁሉ "የገብሬ ሲኒማ ቤት" ይለው ነበር። ኳስ ባለ ቀን የወንጂ ባልደረቦቹና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዱካቸውን ይዘው እየመጡ ይሞሉታል፤ ገብረወልድም መሀል ቆሞ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ እንደ አውሮፕላን አብራሪ ይኮራል።

በዚያ ክረምት ማብቂያ ግን የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ሲዞር እንደሚቆላ ሽምብራ መንጣጣት ጀመረ። ይኼው ነው፣ ሌላ ምንም አልሆነም። አበዛሽ "አቧራ ገብቶበት ይሆናል፤ ያንን ኤሌክትሪሺያን አስጠራው" አለችው። ኤሌክትሪሺያኑ ወደ መተሐራ ተዛውሮ ኖሯል። ገብረወልድ ወደ ኃይለጊዮርጊስ ሄደ።

ኃይለጊዮርጊስ ሬዲዮና ቴፕ ይሸጣል። እንደ ሐኪም ነጭ ጋዋን ይለብሳል፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፣ ሲናገርም በሽተኛ እንዳይደነግጥበት እንደሚጠነቀቅ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሬዲዮግራሙን መጥቶ ከማየቱ በፊት ዕድሜውን ጠየቀ። ገብረወልድ ሲነግረው ዓይኑን ጨፈነ።

"ጓድ ገብረወልድ፣ ይኼ ዕቃ ጊዜው አልፎበታል። ግን እኔ እርስዎን ዝም ብዬ ወጪ ውስጥ አልከትዎትም። በመጀመሪያ የመብራቱን ጉልበት እናስተካክል።"

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲህ ስታቢላይዘር ይዞ መጣ፤ መብራት ሲያንስም ሲበዛም እኩል አድርጎ ያሳልፋል የተባለ፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆን የብረት ሳጥን። ኃይለጊዮርጊስ ራሱ መጥቶ ከሬዲዮግራሙ ጎን አስጠግቶ አስቀመጠውና ሰካው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሬዲዮግራሙ ከመንጣጣቱ ሌላ እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ጀመረ። "እምምምም" የሚል፣ ሰው ሲናገርም ሰው ዝም ሲልም የማይቆም ድምፅ።

"አዩት?" አለ ኃይለጊዮርጊስ በሐዘን። "ትክክለኛው መብራት ሲያገኝ የተደበቀ ሕመሙ ወጣ።"

ገብረወልድ ራሱን ነቀነቀ። አበዛሽ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ሁለቱንም አየቻቸው።

"ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊት አያጉረመርምም ነበርኮ" አለች።

"እሱማ ተደብቆ ነበር" አለ ገብረወልድ፣ ከኃይለጊዮርጊስ አፍ ነጥቆ።

በሁለተኛው ቅዳሜ የአንቴናው ብረት በአንድ እጥፍ ረዘመ። በሦስተኛው፣ አንቴናውን ያግዛል የተባለ አንድ ትንሽ ሳጥን ተጨመረ። ምስሉ ያው ነው፤ ማጉረምረሙም ያው ነው። በአራተኛው ጥንድ ጥቁር ስፒከሮች "ለሙከራ" ገቡና የሶፋውን አንድ ጎን ዘግተው ቆሙ። አበዛሽ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጎን እየተሽሎከለከች ውኃ ታቀርባለች። ስፒከሮቹም አጉረመረሙ፤ እንዲያውም ማጉረምረሙ አሁን ከሦስት ቦታ ይወጣ ጀመር።

"ገብሬ፣ እባክህ ተወው" አለችው አንድ ማታ ራት ላይ። "ይኼ ሰውዬ አንድ ነገር ሲያመጣ ሌላው ይበላሻል።"

"አንቺ ስለ ቴክኒክ ምን ታውቂያለሽ?"

"ጆሮ አለኝ።"

"ባለሙያ የሚለውን መስማት ነው እንጂ!" አለና እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ። አበዛሽ ሳህኑን ከፊቱ ልታነሳበት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

ጆሮ አለኝ ያለችው ለጉራ አልነበረም። አበዛሽ ናዝሬት ቴሌ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ከሞጆ፣ ከአሰላ፣ ከወለንጪቲ የሚደወለውን ስታገናኝ ስትለያይ የምትውል ሴት ናት። ደዋዩ ማን እንደሆነ "ሄሎ" ሲል ታውቃለች። የሥራው ሕግ ግን አንድ ነው፦ ታገናኛለሽ፣ መስመሩ መያዙን ታረጋግጫለሽ፣ ትወጫለሽ። የሰው ወሬ ሰማች መባል ከሥራ ብቻ አያስባርርም። ከሰሙት ይልቅ የሰሙ መምሰል የሚያስጠይቅበት ዘመን ነበር። አበዛሽ በሥራ ዘመኗ የማንንም ወሬ ቤቷ ይዛ ገብታ አታውቅም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ ረቡዕ ጠዋት ኃይለጊዮርጊስ ሞጆ አስደወለ። የሚፈልጋት ወይዘሮ አሰፋሽ የምትባል፣ ጂቡቲ ለሚመላለሱ ሹፌሮች ሁሉ የታወቀች የቡና ቤት ባለቤት ናት። አበዛሽ አገናኘችና መስመሩ መያዙን ልታረጋግጥ ቆየች።

"አግኝቼልሻለሁ!" አለ ኃይለጊዮርጊስ። ድምፁ የሐኪም አልነበረም፤ የደላላ ነበር። "የጀርመን ሬዲዮግራም። እንጨቱ መስታወት ነው፣ ድምፁ ግድግዳ ያናውጣል። እንኳን ለአንድ ቡና ቤት፣ ለሁለት ይበቃል።"

"ሰዎቹ ለምን ይሸጡታል?"

"ምን እንደያዙ አያውቁማ! ሰውዬው የነገርኩትን የሚያምን የዋህ ነው። ሴትየዋ ደግሞ ዳንቴል አልብሳው የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣበታለች።"

አበዛሽ የመስመሩን ገመድ ከሰሌዳው ነቀለች። አጠገቧ የምትሠራው መሰለች ዞር ብላ "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" አለቻት። "ምንም አልሆንኩም" አለች። ፊቷ ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ዳንቴሉን በሁለት ክረምት የሠራችው ራሷ ናት።

በዚያው ቅዳሜ ገብረወልድ እየሳቀ ገባ።

"አቤዝ፣ ተገላገልን! ኃይለጊዮርጊስ አዲስ አምፕሊፋየር ሊያስገባልን ነው፤ ከስፒከሮቹ ጋር የሚሄድ። ይኼን አሮጌ ደግሞ እሱ ይወስድልናል። ቦታ እንዳያጣብብብን ብሎ፣ በራሱ ተሸካሚ! በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት ይመጣል።"

"በነፃ?"

"ከአምፕሊፋየሩ ላይ ትንሽ ይቀንስልናል። ለዚህ ማገዶ! ሰውዬው መልካም ሰው ነው።"

አበዛሽ አፏን ከፈተች። ምን ልትል? "ስልክ ላይ ሰማሁ" ብትል፣ ገብረወልድ ክፋት ባይኖረውም አፉ ወንፊት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ወንጂ ሰርቪስ ውስጥ ይተርከዋል። ማክሰኞ እሷ አለቃዋ ፊት ትቆማለች። ከዚያ በኋላ ማን ፊት እንደምትቆም ማሰብም አልፈለገችም። አፏን ዘጋች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አፏን መዝጋት ከብዷት አያውቅም።

ሌላ ሌላውን ሞከረች።

"ማገዶ ከሆነ ለምን ይፈልገዋል?" አለች።

"ለመለዋወጫ።"

"ዕቃው ትዝታችን ነው። ሠርጋችን ላይ የዘፈነው እሱ ነው።"

"ሠርጋችን ላይ የዘፈነው የወንድምሽ ቴፕ ነው። ሬዲዮግራሙ ከተጋባን ወዲያ ነው የመጣው።"

"እኔ አልፈልግም ብዬሃለሁ! እንዳይወጣ!"

"ምክንያትሽን ንገሪኛ!"

ምክንያቷን መንገር አልቻለችም። ተነሥታ ጓሮ ወጣች፤ የታጠበ ልብስ ገመዱ ላይ ስለነበር እርጥቡን ልብስ እንደገና ጨመቀችው። ባሏ በመስኮት እያያት "ሴት ልጅ መልስ ስታጣ እንዲህ ናት" ብሎ ለጎረቤታቸው ለጋሽ ኡርጌሳ ሲናገር ሰማችው። ጋሽ ኡርጌሳ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ በአጥሩ በኩል "ናጋ" ብቻ አሉ፣ ሰላም ለማለት ይሁን ሰላም አውርዱ ለማለት አልለየም።

አርብ ቀን በምሳ ሰዓት የሞጆ መስመር ጠራ። ወይዘሮ አሰፋሽ ነበረች፤ የኃይለጊዮርጊስን ሱቅ ፈለገች። አበዛሽ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሣም።

"አይመልስም እመቤት። ለምሳ ዘግቶ ይሆናል፤ ቆይተው ይሞክሩ" አለች እንደ ደንቡ።

"ወይ ጣጣ!" አለች አሰፋሽ። "እሁድ ጠዋት ወደ ናዝሬት የሚመጣ ፒክአፕ አግኝቼ ነበር። የሚሸጥልኝን ሬዲዮግራም ሳላይ እንደማልገዛው ልነግረው ነው። እሱ ደግሞ አትምጪ፣ እኔ አመጣልሻለሁ ይለኛል። ሳላይ ልግዛ? አብጃለሁ እንዴ?"

አበዛሽ የመሰለችን ጀርባ አየች። ይኼን ግን አልሰረቀችም፤ ሴትየዋ በገዛ አፏ፣ ለእሷ ለራሷ ነው የነገረቻት። የጆሮ ማዳመጫውን አስጠጋች።

"ዕቃው ሱቁ ውስጥ አይደለም ያለው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከአቶ ገብረወልድ ቤት ነው። ከሚካኤል ወደ ታች ሲወርዱ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር ያለው። እሁድ ጠዋት ሰው አይጠፋም፤ ገብተው ማየት ይችላሉ።"

"አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?"

"ናዝሬት ትንሽ ከተማ ናት እመቤት" አለችና መስመሩን ለቀቀች።

እሁድ ረፋድ ላይ አረንጓዴው አጥር ተንኳኳ። ገብረወልድ በፒጃማ ሱሪው ሄዶ ከፈተ። ወፈር ያለች፣ ወርቋ አንገቷን የሞላ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰቀለች ሴት ቆማለች።

"እንደምን አደራችሁ! አሰፋሽ እባላለሁ፣ ከሞጆ ነው የመጣሁት። ኃይለጊዮርጊስ የሚሸጥልኝን ሬዲዮግራም ለማየት ነው።"

"ማን? የምኑን?" አለ ገብረወልድ።

"የጀርመኑን። ከእናንተ ቤት ነው አሉኝ።"

አበዛሽ ከኋላው መጥታ "ይግቡ፣ ይግቡ" አለች። ሴትየዋ ገብታ ዳንቴሉን ገለጥ አደረገች፣ እንጨቱን በመዳፏ ዳበሰች፣ ሽፋኑን ከፈተች።

"ኧረ ልጄ! ይኼማ ሳይነካ የተቀመጠ ነው! ሰውዬው ለካ ዋጋ የቆለለብኝ ወዶ አይደለም።" ቀጥላም ኃይለጊዮርጊስ የጠየቃትን ዋጋ ጠራች።

ገብረወልድ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሴትየዋ የጠራችው ገንዘብ አዲሱን አምፕሊፋየርና ሁለቱን ስፒከሮች አንድ ላይ ገዝቶ የሚተርፍ ነበር። ፊቱ መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ አበዛሽ የምትፈራውን መልክ ያዘ፤ የመላ መልክ።

"እንግዲያውስ" አለ ተነሥቶ፣ "ለምን በእሱ በኩል ይሄዳል? እኔ ራሴ ብሸጥልዎስ?"

"ገብሬ!" አለች አበዛሽ። ጩኸቷ የሞጆዋን ሴት አስደነገጣት። "ሰውየው ማገዶ ነው ብሎ ሊወስድብህ የነበረውን ዕቃ? አሁንም ልታወጣው ነው?"

"ዋጋውን አልሰማሽም?"

"ሰማሁ! አንተ ግን ምንም አትሰማም! አንድ ወር ሙሉ ብረት በብረት ላይ ስትከምር የሰማኸው የዚያን ሰውዬ አፍ ብቻ ነው! ጋዋኑን አይተህ ሐኪም መስሎህ! በገዛ ቤቴ በጎን ነው የምሄደው! ዳንቴሌ ሳይቀር..." እዚህ ላይ ምላሷን ያዘች።

"ዳንቴልሽ ምን ሆነ?"

"አቧራ ጠጣ" አለች።

አሰፋሽ ጣልቃ ገባች። "በሉ እስቲ አትጣሉ፤ መጀመሪያ ይሰማ።" ራሷ አበራችው። ማጉረምረሙ ቤቱን ሞላው። ሴትየዋ ፊቷን አጨማደደችና አጎነበሰች፤ ጎን ለጎን የተቀመጠውን የብረት ሳጥን አየች።

"ይኼን ማን ነው እዚህ ያስጠጋው? እኔም ቤት ያው ጉድ ገጥሞኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ደንበኛ ሸሸኝ። እስቲ አርቁት።"

ገብረወልድና አበዛሽ ሳጥኑን ከሁለት ወገን ይዘው፣ ሳይተያዩ፣ ሽቦው እስከፈቀደላቸው ድረስ ወደ በሩ ጎተቱት። ማጉረምረሙ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሬዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ስለ አፈር ጥበቃ ሲናገር ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ሦስቱም ቆመው ስለ አፈር ጥበቃ አዳመጡ።

"እኔ በዛሬው ዋጋ እገዛዋለሁ" አለች አሰፋሽ በመጨረሻ። "ግን እኔ ብሆን አልሸጠውም። ለራሴ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ፤ እንዲህ ያለ አሁን አይመጣም።"

ገብረወልድ ሚስቱን አየ። አበዛሽ ያላትን ሁሉ ተናግራ ጨርሳ ነበር። እሱም "አይሸጥም" አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ከገዛ እጁ ላይ የሚነጥቅ ይመስል። አሰፋሽ ሻይ ጠጥታ፣ አበዛሽን በር ላይ ስትሰናበት ድምፅዋን አዳምጣ ትንሽ ቆም አለች። ፈገግ ብላ "እውነትም ናዝሬት ትንሽ ከተማ ናት" አለችና ፒክአፑ ላይ ወጣች።

ከሰዓት ኃይለጊዮርጊስ ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር ሲመጣ ጥቁሮቹ ስፒከሮች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ገብረወልድ የተዘጋጀበትን ንግግር ጀመረ፤ "ጓድ፣ እኔ እርስዎን አምኜ..." አለ። አበዛሽ ግን ለረጅም ንግግር ትዕግሥት አልነበራትም።

"ሬዲዮግራሙ አይወጣም" አለች። "ስፒከሮችዎን ይውሰዱ። ለአንቴናው የሸጡልን ሳጥንም እዚያው ላይ አለ።"

ኃይለጊዮርጊስ ጋዋኑን አስተካከለ፣ ተሸካሚዎቹን አየ፣ "ሰው አስቶዎት ነው ወይዘሮ" አለ። ማን እንዳሳታቸው ግን አልጠየቀም። ዕቃውን አስጭኖ ሄደ።

በቀጣዮቹ ምሽቶች አበዛሽ የድምፅ መጨመሪያውን ቁልፍ ነቅላ፣ ሥሩን በአልኮል ባረጠበችው ጥጥ ጠረገችና ክንዷ እስኪዝል ወዲያና ወዲህ አዞረችው። ሽምብራው ቀስ በቀስ መንጣጣቱን ተወ። ያ ሁሉ ቅዳሜ የሄደው ለዚህ ነበር። እሷም ይህን ስታስብ ደስታዋ ከንዴቷ ጋር ተደባልቆ ማልቀስ ይሁን መሳቅ አልታወቃትም።

ታኅሣሥ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ተደረገና ቡድናችን ለፍጻሜ ደረሰ። ገብረወልድ በዋዜማው ቅዳሜ ዘግይቶ ገባ። ብብቱ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አለ።

"የት ነበርክ?" አለች አበዛሽ።

"ከሌላ ሱቅ ነው! ከደሊል ሱቅ!" አለ ቶሎ ብሎ። ጥቅሉን ፈታ። ላዩ ሰማያዊ፣ መሀሉ ቀይ ቢጤ፣ ታቹ አረንጓዴ የሆነ ስስ ፕላስቲክ ነው። "ቴሌቪዥኑ ፊት ሲለጠፍ ከለር ያደርገዋል። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሳሩ አረንጓዴ!"

አበዛሽ ሳህኑን አስቀምጣለት ሄዳ ተኛች።

በማግስቱ ሳሎኑ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ድምፁ ስታዲየሙን ይዞት መጣ፤ ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ ይንከባለላል። ፕላስቲኩ ግን ተጫዋቾቹን ጭንቅላታቸውን ሰማያዊ፣ ሆዳቸውን ቀይ፣ እግራቸውን አረንጓዴ አደረጋቸው። ጋሽ ኡርጌሳ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ከጠረጉ በኋላ "ልጄ፣ በረኛው ታሟል እንዴ?" አሉ። ሰው በሳቅ ወደቀ። አበዛሽ ተነሥታ በሰው መሀል አልፋ ፕላስቲኩን ላጠችው፤ ገብረወልድም አልከለከላትም።

ጨዋታው በመለያ ምት ሲያልቅና ዋንጫው የእኛ ሲሆን ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። የማይተዋወቅ ሰው ተቃቀፈ። አበዛሽም ባሏን አቀፈችው፤ ከወር በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ሆታው ጋብ ሲል ከወንጂ ባልደረቦቹ አንዱ "ገብሬ፣ ይኼን ድምፅ እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ ያጠራኸው?" አለው።

ገብረወልድ ደረቱን ነፋ። "ምስጢሩ ስታቢላይዘሩን ማራቅ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም። ቁልፉንም ማጽዳት ነው። ለሻጭ ጆሮ መስጠት አያስፈልግም፤ እኔ በራሴ ነው የደረስኩበት።"

አበዛሽ አፏን ከፈተች። ሃያ ሰው እያያት ነበር። የሞጆዋ ስልክ፣ ዳንቴሉ፣ ጥጡ፣ ክንዷ፣ ሁሉም ጉሮሮዋ ላይ መጣ። ከዚያ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ሄደችና ማጠቢያው ላይ ቆማ፣ ብቻዋን፣ በጥርሶቿ መሀል "እምምምም" አለች።